መጻጉዕና የመጠጥ ምርኮኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ነው፤ ስሙም መጻጉዕ ይባላል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በአምስተኛው ምዕራፍ እንደሚተርክልን፣ በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ አምስት መመላለሻ ያላት አንዲት መጠመቂያ ነበረች። በዚያም ብዙ ሕሙማን ተኝተው የውኃውን መናወጥ ይጠባበቁ ነበር። ከእነርሱም መካከል አንዱ በአልጋ ከተያዘ 38 ዓመት ሆኖት ነበር። ጌታችን ወደ እርሱ ቀርቦ መዳን ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውዬው ግን እወዳለሁ ወይም አልወድም ብሎ አልመለሰም፤ ውኃው ሲናወጥ የሚያወርደው ወዳጅ ማጣቱን፣ እርሱ ሲንፏቀቅም ሌላው እየቀደመው መቅረቱን ተናገረ። ከ38 ዓመት ደዌ ይልቅ ሰው ማጣቱ አስመርሮት ነበርና።

ምዕመናን ሆይ፤ በዚያች መጠመቂያ ዳር ስለ ነበረው ሥርዓት አንድ ነገር አስተውሉ። ሕሙማኑ ብዙ ነበሩ፤ ጎን ለጎንም ተኝተው ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይረዳም ነበር። ቀድሞ የገባው ብቻ ይፈወስ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ጎረቤቱን የሚያየው እንደ ተቀዳዳሚ እንጂ እንደ ወንድም አልነበረም። የዳነውም ሰው ልብሱን ጨምቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ «ተራው ያንተ ነው፤ ላውርድህ» ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም ነበር። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው በብዙ ሰዎች መካከል ተኝቶ ሰው አጣ።

ዛሬ ይህን ወንጌል መሠረት አድርጌ ልነግራችሁ ያሰብሁት በመጠጥ ምርኮ ስለ ተያዙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይልቁንም እነዚህ ሕሙማን እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ ከምርኮ ስለሚወጡበት ስብሰባ ነው።

በመጀመሪያ ቃላችን እንዳይሳሳት አንድ ነገር እንለይ። ቤተ ክርስቲያናችን የወይንን ፍሬ ርኩስ አትለውም፤ ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሠርግ ውኃውን ወይን አድርጎአልና፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታልና። ስካርን ግን ከጥንት ጀምሮ ታወግዛለች። ከስካርም አልፎ ሌላ ደረጃ አለ። ይኸውም ሰውዬው መጠጣትን ሲወድ ሳይሆን እየጠላ የሚጠጣበት ደረጃ ነው። ማለዳ ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡን ለማስቆም ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያፍራል፤ እፍረቱን ለመርሳት ደግሞ ይጠጣል። ልጁን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ ብሎ ወጥቶ ራሱን አረቄ ቤት ያገኘዋል። ሐኪሞች ይህን በሽታ ብለው ይጠሩታል፤ እኛም በሽታ መሆኑን ብናምን ኃጢአትነቱን ካድን ማለት አይደለም። በደዌና በኃጢአት መካከል ያለውን ጥብቅ ዝምድና ጌታችን ራሱ ለመጻጉዕ በመቅደስ ባገኘው ጊዜ ነግሮታልና።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በ2019 ዓ.ም. ብቻ ከአልኮል የተነሣ 2.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደ ሞቱ አስታውቆአል። በአገራችንም መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይታወጅ፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑትም እንዳይሸጥ ከልክሎአል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ገና ያልተያዘውን ሰው ይጠብቃል እንጂ የተያዘውን አያስፈታም።

የተያዘው ሰው እንዴት ይፈታል? በዚህ ነገር እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተት ልናዘዝላችሁ እወዳለሁ።

እጁ ወርቅ የሆነ አንድ አናጢ የንስሐ ልጅ ነበረኝ። ዐቢይ ጾም ሲገባ መጠጥ ይተዋል፤ 55ቱን ቀን ሁሉ ጠላ እንኳ አይቀምስም። እኔም ደስ ይለኛል፤ ሚስቱም ደስ ይላታል። በፋሲካ ሌሊት ግን «ዛሬማ ጌታ ተነሥቶአል» ብሎ አንዲት ጽዋ ያነሣል፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስም ወደ ልቡ አይመለስም። ይህ ነገር ሁለት ዓመት ተደጋገመ። በሦስተኛው ዓመት ተቈጣሁና በሥላሴ ስም ገዘትሁት። ግዝቱ የሚያስረው መስሎኝ ነበር። እርሱም እያለቀሰ መስቀል ተሳልሞ ሄደ። በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት ግዝቱን አፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አላየሁትም። ሚስቱን ስጠይቃት፣ «አባታችን፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጕልላት ባየ ቍጥር መንገድ ያሳብራል» አለችኝ።

እኔም በልቤ ፈረድሁበት። ልቡ የደነደነ ነው አልሁ። እርሱን ወደ ውኃው የማወርድ ሰው ልሆን ሲገባኝ፣ በመመላለሻው ላይ ቆሜ «ለምን አትነሣም?» ብዬ የምጮኽ ሰው ሆኜ እንደ ነበር አላስተዋልሁም።

ይህ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ጠርቶ፣ እጁ ጸንቶ ነበር። መስቀል ከተሳለመ በኋላ፣ «አባቴ፤ ያን ጊዜ ከመጠጡ መሸሽ ሲያቅተኝ ከእርስዎ ሸሸሁ» አለኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ታምሞ በተኛበት ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪም አግኝቶ፣ ሐኪሙም በሳምንት አንድ ቀን ወደሚሰበሰቡ የመጠጥ ሕሙማን ልኮት ኖሮአል። በእነርሱ መካከል ዘጠኝ ወር ተቀምጦ ዘጠኝ ወር ሳይቀምስ ቆይቶአል። እኔም ከግዝቱ ፈታሁት፤ ይቅርታም ጠየቅሁት። ከዚያም ስለዚህ ስብሰባ ይነግረኝ ዘንድ ለመንሁት። የነገረኝንም፣ በኋላ ራሴ መርምሬ ያገኘሁትንም እነሆ እነግራችኋለሁ።

የዚህ ስብሰባ መነሻ በአሜሪካ አገር፣ በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ አክሮን በምትባል ከተማ ነው። ዘመኑም እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር 1935፣ እንደ እኛ 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጠላት አገራችንን ሊወር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክስዮን ነጋዴ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለንግድ ወደ አክሮን ሄዶ ንግዱ ከሸፈበት። በሆቴሉ መግቢያ ላይ ብቻውን ቆሞ ሳለ ከመጠጥ ቤቱ የሰዎች ሳቅ ተሰማው። በዚያን ሰዓት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም እርሱ ራሱ ከመጠጥ ለመዳን፣ እርሱ የሚረዳው ሌላ የመጠጥ ሕሙም መፈለግ እንዳለበት ነው። በዚያው ወደ ነበረው ስልክ ሄዶ የአብያተ ክርስቲያናትን ዝርዝር ተመልክቶ ለአንድ ቄስ ደወለ። ያም ቄስ ስልኩን አንሥቶ ሰማው፤ የሚያገናኙትንም ሰዎች ስም ሰጠው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቍጥር፣ ያ ቄስ ደክሞት ስልኩን ሳያነሣ ቢቀር ወይም ተቈጥቶ ቢዘጋው ኖሮ ምን ይሆን ነበር እላለሁ።

በማግሥቱ ቢል ከአንድ የአክሮን ሐኪም ጋራ ተገናኘ፤ ስሙም ዶክተር ቦብ ስሚዝ ይባላል። ሐኪሙ ቀዶ ጠጋኝ ነበረ፤ ነገር ግን በመጠጥ ተይዞ ራሱን ማዳን አልቻለም ነበር። ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆይም ብሎ መጣ፤ ከስድስት ሰዓት በላይም ተቀመጠ። ብዙ ሰው ስለ መጠጥ መክሮት ነበር፤ የራሱን ውድቀት ገልጦ ያጫወተው ግን ይህ ሰው ነበረና። ዶክተር ቦብ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ተነሥቶም የመጨረሻውን መጠጥ የቀመሰው በሰኔ 3 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። ያች ቀን የማኅበሩ የልደት ቀን ሆና ትታሰባለች። ሁለቱም ሳይውሉ ሳያድሩ በሆስፒታል የተኛ አንድ ጠበቃ ፈልገው ሦስተኛ አደረጉት። አንድ ነጋዴ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ጠበቃ፤ ሦስቱም ሕሙማን። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1939 ዓ.ም. ስለ ሥርዓታቸው መጽሐፍ አሳተሙ፤ ማኅበሩም በመጽሐፉ ስም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ተባለ። ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕሙማን ማለት ነው። ዛሬ በ180 ያህል አገሮች ይገኛል።

እንግዲህ ከመጻጉዕ ታሪክ ጋራ አስተያዩት። በመጠመቂያይቱ ዳር የዳነው ሰው ጎረቤቱን ትቶ ይሄድ ነበር። በዚህ ስብሰባ ግን የዳነው ሰው ገና ወዳልዳነው ይመለሳል፤ ይህንም የሚያደርገው ለጎረቤቱ በማዘን ብቻ አይደለም፤ እርሱም ዳግመኛ እንዳይወድቅ የሚጠበቀው ሌላውን ሲያነሣ ስለ ሆነ ነው።

አናጢው ልጄ ለእንግዳ ክፍት በሆነ ቀን ወሰደኝ። አዳራሹ ጠባብ ነበረ፤ ወንበሮቹ በክብ ተደርድረው ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ ሻይ ነበረ። አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱን ፊት ለይቼ ዐወቅሁት፤ ማን እንደ ሆነ ግን ለማንም አልነገርሁም፤ አልነግርምም። የስብሰባው የመጀመሪያ ሕግ በዚያ ያየኸውን ሰውና የሰማኸውን ነገር በዚያው መተው ነውና። አንዱ ስብሰባውን መራ። ከሥርዓታቸው ጥቂት ተነበበ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የራሱን ስም ብቻ፣ ያለ አባት ስም ተናግሮ፣ የመጠጥ ሕሙም መሆኑን መስክሮ፣ የሆነበትን ያወራል። ሌላው ያዳምጣል፤ አያቋርጠውም፤ አይገሥጸውም። መናገር ያልፈለገም «ዛሬ ልስማ» ብሎ ያልፋል።

አንዲት ሴት የልጅዋን የክርስትና ገንዘብ እንዴት እንደ ጠጣችው ተናገረች። ሌላው ከትናንት በስቲያ ወድቆ እንደ መጣ ተናገረ። እኔ ተግሣጽ ይጠብቀዋል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን መሪው «እንኳን ተመልሰህ መጣህ» አለው፤ በአጠገቡ የነበረውም ሻይ ቀዳለት። በዚያን ጊዜ ግዝቴ ትዝ አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው፣ በፍጻሜው ቆመው ጸልየው ተበተኑ። ሰሐን ዞረ፤ ያለው ጣለ፤ የሌለው አልተጠየቀም። ይህ ስብሰባ ክፍያ የለበትምና፤ አባላቱ በሚያዋጡት ብቻ ይኖራል፤ ከውጭም ርዳታ አይቀበልም።

ወደዚህ ስብሰባ ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም መጠጥን ለመተው መፈለግ ነው። መተው መቻል አይደለም፤ መፈለግ ነው። ጌታችንም መጻጉዕን የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ስንት ዓመት እንደ ተኛ፣ ማን እንዳሳመመው፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንደ ተሸነፈ አልጠየቀውም።

ሁለተኛውም ትምህርታቸው የቀንን ነገር ለቀኑ መተው ነው። «እስከ ዕድሜ ልኬ አልጠጣም» ብለው አይምሉም፤ «ዛሬን አልጠጣም» ይላሉ እንጂ። አናጢው ልጄ 55 ቀን መጾም እየቻለ በ56ኛው የሚወድቅበትን ምክንያት በዚህ ተረዳሁ። ጾሙን የሚጠብቀው የፋሲካን ጽዋ እያሰበ፣ ቀኑን እየቈጠረ ነበር፤ ሲፈጽምም ዳንሁ ብሎ አመነ። ስብሰባው ግን ከፋሲካ ማግሥትም እንደ ሐሙስና እንደ ዓርብ ያለ አንድ ቀን እንዳለ አስተማረው።

አሁን ወደ ተግባሩ ልምጣ። ከእናንተ መካከል ይህን ቃል ብቻውን ሆኖ የሚሰማ፣ ነገሩም ስለ እርሱ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ወንድሜ፣ እኅቴ ሆይ፤ ምን ታደርጋለህ?

አንደኛ፤ አስቀድመህ ሐኪም ይይህ። ብዙ ዓመት ዕለት ዕለት የጠጣ ሰው መጠጡን በድንገት ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታ የመሰለ መውደቅ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ልብ መሳት ሊደርስበት ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ ሊሞትም ይችላል። ለዚህ የታወቀ መድኃኒት አለ። ወደ ጠበል የምትሄድ ብትሆንም በመጀመሪያ ለሐኪም ንገር፤ ለጠበሉም አገልጋዮች ጠጪ እንደ ነበርህ አትደብቅ፤ ብቻህንም አትደር። ይህ እምነት ማጕደል አይደለም። ሲራክ በመጽሐፉ ሐኪምን እንድናከብር የመከረን፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛ፤ ስብሰባውን ፈልግ። በአዲስ አበባ እንደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ባሉ፣ በሌሎችም ከተሞች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባላቸው ሆስፒታሎች ያሉትን ሐኪሞች ጠይቅ። በአሜሪካና በኤውሮጳ የምትኖሩ ልጆቻችን ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፤ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤቶች በየከተማው ስልክ አላቸው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይነግሩአችኋል። ብዙዎቹ ስብሰባዎች የሚደረጉት ከአብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ በተከራዩአቸው ክፍሎች ነው። ስብሰባው በሌለበት አገር ያላችሁም በስልክና በቪዲዮ በሚደረገው መካፈል ትችላላችሁ፤ ይህ ዐይነቱ በተለይ ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ እጅግ በዝቶአል። ስትጠይቅም ስብሰባው «ክፍት» ወይም «ዝግ» መሆኑን ጠይቅ። ክፍቱ ለማንኛውም ሰው ነው፤ ቤተ ዘመድህን ይዘህ ልትሄድ ትችላለህ። ዝጉ መጠጥን መተው ለሚሹት ብቻ ነው። ለሴቶች ብቻ የሚደረግም አለ፤ ይህን የምናገረው በቤታቸው ተሸሽገው የሚጠጡ እኅቶች ከወንዶቹ ይልቅ እፍረት እንደሚጫናቸው ስለማውቅ ነው።

ሦስተኛ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ አትጠብቅ። ከበሩ ትመለሳለህ፤ «እኔ እንደ እነዚህ አይደለሁም» ትላለህ። ግባና ተቀመጥ፤ ስማ ብቻ። አንዱ ስብሰባ ካልተስማማህ ሌላውን ሞክር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግመህ ሂድ። ከአንተ ቀድሞ በመንገዱ ከቆየ ሰው ጋራ ተዋወቅና ስልኩን ተቀበል፤ እርሱ እንደ ታላቅ ወንድም የሚመራህ ይሆናል። ወንድ ለወንድ፣ ሴት ለሴት ቢሆን ይመረጣል። ጥማቱ በሌሊት ሲመጣብህ ወደ መጠጥ ቤት ሳይሆን ወደዚያ ስልክ ድረስ። ብትወድቅም በማግሥቱ ተመለስ።

አራተኛ፤ በአቅራቢያህ ስብሰባ ካጣህ፣ የመጀመሪያው ስብሰባ የሁለት ሰዎች እንደ ነበረ አስብ። ሁለት ሰዎች መጠጥን ስለ መተው በአንድነት ቢቀመጡ ስብሰባ ነው። ጌታችንም በስሙ በሚሰበሰቡ ሁለትና ሦስት ሰዎች መካከል እንደሚገኝ ተስፋ ሰጥቶአል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ አለ። «ይህ ከውጭ የመጣ ሌላ ሃይማኖት አይደለምን?» ይላሉ። አይደለም፤ ማኅበሩ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋራ አልተሳሰረም። አባላቱ ኃይላቸው እንዳልበቃቸው አምነው ራሳቸውን ለእግዚአብሔር አደራ ይሰጣሉ፤ የእምነቱን ትምህርት ግን ለየሰው ይተዉለታል። ስለዚህ ኦርቶዶክሳዊ ሰው እምነቱን በበር ላይ ትቶ አይገባም። በሥርዓታቸው አሥራ ሁለት ደረጃ አለ። ራስን መመርመር አለበት፤ በደልን ለእግዚአብሔርና ለሌላ ሰው መናዘዝ አለበት፤ የበደሉትን ሰው መካስ አለበት። ይህን የሰማ ኦርቶዶክሳዊ ንስሐን፣ የንስሐ አባትን፣ የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ የቆረጠውን ዘኬዎስን አያስታውስምን? ነገር ግን ስብሰባው ምሥጢር አይደለም፤ ሥርየተ ኃጢአትን አይሰጥም፤ ቍርባንንም አይተካም። ስብሰባው በእግርህ ያቆምሃል፤ ቆመህም ወደ ቤተ መቅደስ ትመጣለህ። የዳነው መጻጉዕም ጌታችንን ዳግመኛ ያገኘው በመቅደስ ነበር። «የቍርባኑ ጽዋ ጥማቴን ቢቀሰቅስብኝስ?» ብሎ የሚፈራም ካለ፣ በቤተ ልሔም የሚዘጋጀው ከዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንደ ሆነ፣ የሚያሰክር እንዳልሆነ ይወቅ፤ ፍርሃቱንም ለንስሐ አባቱ ይንገር።

«ጸሎትና ጠበል አይበቃምን?» የሚልም አለ። እግዚአብሔር በወደደው መንገድ ያድናል፤ በጠበል የዳኑ ብዙዎችን አይቻለሁ። ነገር ግን ከጠበል ወርደው ወደ ቀድሞው ጓደኛ፣ ወደ ቀድሞው መንደር፣ ወደ ቀድሞው ብቸኝነት ተመልሰው የወደቁም ብዙዎች ናቸው። ለእነዚህ የጐደላቸው ጠበሉ ሳይሆን ከጠበሉ በኋላ አብሮአቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። ሊቃውንተ ሕክምናም ይህን መርምረውታል፤ ኮክሬን የተባለ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. 10,565 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 27 ጥናቶች መዝኖ፣ ሕሙማንን ወደዚህ ስብሰባ በሥርዓት የሚመራው ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ በኩል ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የበለጠ ውጤት እንዳለው ገልጦአል። ሁሉም ይድናል ማለት አይደለም፤ ብቻውን ከሚታገል ሰው ይልቅ ግን ተስፋ አለው።

የሕሙማኑ ቤተ ሰቦች ሆይ፤ ለእናንተም ቃል አለኝ። ባልዋ የሚጠጣ ሴት «ምን ባደርገው ነው?» እያለች ራስዋን ትወቅሳለች። መጠጡን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም። ዕዳውን እየከፈልሽ፣ ለአሠሪው «አሞታል» እያልሽ ብትሸፍኚለት ምርኮውን ታስረዝሚያለሽ እንጂ አታድኚውም። እጁን ካነሣብሽ ከልጆችሽ ጋራ ወደ ደኅና ቦታ ሂጂ፤ ይህን ማድረግ ትዳርን ማፍረስ አይደለም። ለቤተ ሰቦችም የራሳቸው ስብሰባ አላቸው፤ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. በአሜሪካ የተመሠረተው አል-አኖን የሚባለው ነው። መሥራቾቹም የእነዚያው ሕሙማን ሚስቶች ነበሩ።

ማኅበርና ሰንበቴ የምትጠጡ፣ ድግስ የምትደግሱ ምዕመናን ሆይ፤ ስብሰባን ከማንም ሕዝብ አንማርም፤ ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። ነገር ግን ከመጠጥ የዳነ ወንድም በመካከላችን ሲቀመጥ፣ «በሞቴ፤ አንዲት ብቻ!» እያልን ጽዋ እናስይዘዋለን። «በሞቴ» የምንለው በራሳችን ሞት የማልን መስሎን ነው፤ በእርሱ ሞት ግን መማላችንን አናውቅም። ከእንግዲህ በየማኅበሩ ከጠላው አጠገብ ውኃ ወይም ሻይ ይቅረብ፤ ያልጠጣው ለምን እንዳልጠጣ አይጠየቅ። ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆች የሚያሳድጉ እናቶችን ለመንቀፍ ይህን አልተናገርሁም፤ ድህነታቸውን ዐውቃለሁ። ነገር ግን እጁ እየተንቀጠቀጠ ማለዳ የሚመጣውን ሰው ስታዩ፣ ልጃችሁ ቢሆን የምትመኙለትን አድርጉለት።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ፤ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሾች በሳምንት ውስጥ ስንት ቀን ተዘግተው ይውላሉ? አንዱን ክፍል ለአንድ ማታ ብንከፍትላቸው፣ ሻይ ብናፈላላቸው፣ እኛም ሳንጠራ ባንገባባቸው ምን ይጐድልብናል? የሚጠጣ የንስሐ ልጅ ሲመጣላችሁ፣ እኔ እንዳደረግሁት ለግዝት አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ከጎኑ ተቀመጡና ስሙት፤ ሐኪምና ስብሰባ ፈልጉለት፤ ከተቻለም በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ አድርሱት።

አናጢው ልጄ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ዛሬም ቀኑን አንድ በአንድ እየቈጠረ ይኖራል። ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነሥቶአል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት በሥራው ቦታ ሰክሮ ቢያገኘው፣ ለአሠሪው ሳይነግርበት ማታውን ይዞት ወደ ስብሰባው ሄደ። ጌታችን መጻጉዕን አልጋውን ተሸክሞ እንዲሄድ አዘዘው፤ የተሸከመውን አልጋ ተሸከመው። ይህም ሰው ሲያሳፍረው የኖረውን ታሪክ ተሸክሞ፣ ለሌላው መንገድ ማሳያ አደረገው።

ምዕመናን ሆይ፤ ለፋሲካ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። በእነዚህ ቀኖች ብዙዎች ከመጠጥ ተከልክለው አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ያን ሌሊት በፍርሃት ይጠባበቃሉ። በቤታችሁ፣ በመንደራችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ብታውቁ ፋሲካ ሳይደርስ ሄዳችሁ አነጋግሩት። ራሳችሁ ያ ሰው ከሆናችሁ ግን እስከ ፋሲካ አትቈዩ፤ በዚህ ሳምንት ለአንድ ሰው ንገሩ።

በመጠመቂያይቱ ዳር ወዳጅ ላጣው ሕሙም ወዳጅ የሆነ አምላካችን፣ በመጠጥ ደዌ የተያዙትን ሁሉ ያስነሣልን፤ ለብቸኞች ሰው ይስጥልን፤ እኛንም ለወንድሞቻችን ሰው ያድርገን። ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።